ፉርጎውን አስረክበው የመጡት የአቶ ገብረትንሣኤ ዘርአጽዮን የሕይወት ታሪክ

አቶ ገብረትንሣኤ ዘርአጽዮን ከአባታቸው ከአቶ ዘርአጽዮን ወልዱ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ለተብርሃን ሐጎስ በትግራይ ክፍለ ሀገር፣ በአጋሜ አውራጃ ተወለዱ። የተወለዱበትን ዓመት በተመለከተ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አልተስማማም። እናታቸው 1929 ዓ.ም. ነው ይሉ ነበር፤ የመሥሪያ ቤታቸው ማኅደር 1932 ይላል፤ የቀበሌ መታወቂያቸው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ፣ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም መምህር ተወልደብርሃን ስብሓት፣ ለሃያ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ቢሆንም ሦስቱን ማስታረቅ ስላቃተው የእናታቸውን ይዟል። የወለዱት እርሳቸው ናቸውና።

አቶ ገብረትንሣኤ በአጥቢያቸው ዳዊት ከደገሙ በኋላ በ1941 ዓ.ም. አጎታቸውን ተከትለው ድሬዳዋ ወረዱ። እዚያም የእንጨት ሥራ ተምረው በ1947 ዓ.ም. በምድር ባቡር በረዳት አናጢነት ተቀጠሩ። የፉርጎ በር፣ መስኮትና መቀመጫ ሲሠሩ እጃቸው የተባረከ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ተዛውረው በለገሃር ማገልገል ጀመሩ። በ1958 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሃረገወይን ስብሓት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። በ1963 ዓ.ም. ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚወስደው በኩል ቤት ሲሠሩ ዘመድ ሁሉ “ጅብ ሊያስበሉን ነው ወይ” ብሎ ነበር። ያው ዘመድ ዛሬ በዚያው ሰፈር ቦታ ፍለጋ ይዞራል።

ስለ ጠባያቸው መናገር ቀላል አይደለም። ዝምተኛ ነበሩ፤ ሲናገሩም ስለ እንጨት ነው። አንድ ነገር በእጃቸው ከተረከቡ ግን ያ ነገር እስኪመለስ እንቅልፍ የላቸውም። ከጎረቤት መሰላል ተውሰው ሊመልሱ ሲሄዱ ባለቤቱ ከሌለ ለልጅ አይሰጡም፤ መሰላሉን ተሸክመው ወደ ቤት ይመለሳሉ። በዚህ የተነሳ ሰፈሩ ይስቅባቸው ነበር፤ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም አብሮ ስቋል።

በ1978 ዓ.ም. በአንዲት የአውሮፓ የወደብ ከተማ ለሚካሄድ ዓለም አቀፍ የትራንስፖርት ኤግዚቢሽን ከአገራችን አንድ የቆየ የእንጨት ፉርጎና አንድ በእጅ የሚነዳ የሐዲድ ጋሪ እንዲላኩ ተወሰነ። አቶ ገብረትንሣኤ መካኒክ ከነበሩት ባልደረባቸው ከአቶ ፍስሃ ጋር ሆነው አራት ወር ሙሉ ፉርጎውን አደሱት። ወንበሩን አንድ በአንድ ፈተው ጠረቡት፣ ቀቡት። ሥራው ሲያልቅ ሁለቱም አብረው ሄደው ዕቃውን እንዲያሳዩ ታዘዘ፤ ለፉርጎውና ለጋሪው ፈርመው የተረከቡት ግን አቶ ገብረትንሣኤ ብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አቅራቢው ብዙ ጊዜ ለመረዳት ሞክሮ አልሆነለትም። ጉዞውን ያሰናዳው ኮሚቴ ሰዎቹንና ዕቃዎቹን በአንድ ዝርዝር አስፍሮ ሁሉም በቦሌ በኩል እንዲሸኙ ጻፈ። ደብዳቤው ማኅተም ስለነበረበት የተከራከረው ሰው አልነበረም። ፉርጎው በረጅም የጭነት መኪና ተጭኖ ከለገሃር ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ተወሰደ። እዚያ የነበሩት ሰዎች ፉርጎውን ዞረው አይተው፣ “ወንድሞቻችን፣ ይህን የሚችል አውሮፕላን የለንም” ብለው መለሱት። ሾፌሩም የት እንደሚሄድ አዲስ ትእዛዝ ስላልደረሰው ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ዳር አቁሞት ሦስት ቀን ቆየ። አቶ ገብረትንሣኤ ስለፈረሙ ሦስቱንም ቀን ከውስጡ አልወጡም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት የሰፈሩ ሰው ዘንቢል ይዞ በፉርጎው በር ተሰለፈ። በዚያ ወር ስኳር ጠፍቶ ስለነበር በጎማ የሚሄድ የቀበሌ ሱቅ የመጣ መስሎት ነው። አቶ ገብረትንሣኤ ብቅ ብለው ስኳር የለም ሲሉ ሰልፈኛው ተቆጣ። “ለማን ልትደብቁት ነው?” ያሉም ነበሩ። ወ/ሮ ሃረገወይን ይህ እንዳይነሳ አሳስበው ነበር፤ ምክንያቱም በሰልፉ ሰባተኛዋ እርሳቸው ነበሩ።

በአራተኛው ቀን ትእዛዝ መጥቶ ፉርጎው ወደ ለገሃር ተመለሰ፤ በራሱ ሐዲድም እስከ ጅቡቲ ሄዶ በክሬን መርከብ ላይ ተጫነ። አቶ ፍስሃ በአውሮፕላን ሲሄዱ አቶ ገብረትንሣኤ ከፈረሙበት ዕቃ አልለይም ብለው በመርከብ ሄዱ። ወደ ውጭ የሚሄድ ሠራተኛ ለመመለሱ ዋስ መጥራት ነበረበት። የአቶ ገብረትንሣኤ ዋስ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው።

ኤግዚቢሽኑ በነሐሴ ተከፍቶ በጥቅምት 1979 ዓ.ም. ተዘጋ። ፉርጎው በብዙ ሰው ተወዶ ነበር ይባላል። ሊመለሱ ሲሉ ግን ለአቶ ገብረትንሣኤ ከአዲስ አበባ ሁለት ደብዳቤ በአንድ ሳምንት ደረሳቸው። አንደኛው ዕቃዎቹን ለአዘጋጆቹ በስጦታ አስረክባችሁ ኑ ይላል፤ ሁለተኛው ምንም ሳይጎድል መልሳችሁ ኑ ይላል። ሁለቱም ማኅተም አላቸው። አዘጋጆቹ አንደኛውን፣ አቶ ገብረትንሣኤ ሁለተኛውን ይዘው ቆሙ። አቶ ፍስሃ “ጥለነው እንሂድ” ቢሏቸው እምቢ አሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ አቶ ፍስሃ ከማረፊያቸው ወጥተው አልተመለሱም፤ ወዴት እንደገቡም እስከ ዛሬ አልታወቀም። አቶ ገብረትንሣኤ አልጋቸውን ወደ ፉርጎው አግብተው የአገሩን የበረዶ ክረምት እዚያው ከረሙ።

አዲስ አበባ የደረሰው ወሬ ግን ሁለቱም ከድተዋል የሚል ነበር። በኅዳር ወር ዋሱ ተይዞ ከቀበሌ በላይ በሆነው በከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ግቢ ታሰረ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከእኛ ጋር ቆመው ስለሚያዳምጡ የዚያን ቤት ዝርዝር እንድንዘለው ቤተሰቡ መክሯል። ሰውየው ከገባ ትወጣለህ፣ ካልገባ አናውቅም ነበር የተባለው። ስምንት ወር ቆየ።

በእነዚያ ወራት አቶ ገብረትንሣኤ ለባለቤታቸው ሦስት ደብዳቤ ጽፈዋል። ስለ ብርዱ፣ ቀለሙን ስለላጠው በረዶ፣ መልስ ስለማይሰጣቸው አለቃ ጽፈው መጨረሻ ላይ “ተወልደስ እንዴት ነው?” ይላሉ። ወ/ሮ ሃረገወይንም “ደህና ነው፣ ትምህርት ቤት ውሎ ይገባል” ብለው ይመልሱ ነበር። እንደዚያ ብለው እንዲጽፉ ያዘዛቸው እስረኛው ራሱ ነው።

በግንቦት “መልሳችሁ ኑ” የሚለው ደብዳቤ እንዲጸና ታዘዘ። አቶ ገብረትንሣኤ ከፉርጎውና ከጋሪው ጋር በመርከብ ተመልሰው በሐምሌ 1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ቀጥታ ወደ ቤታቸው ግን አልሄዱም። ተረካቢው ስላልነበረ ለገሃር አንድ ቀን ተኩል ጠብቀው፣ አስፈርመው፣ ደረሰኛቸውን ይዘው ነው መገናኛ የወረዱት። እቤት እንደገቡ “ተወልደስ?” አሉ። ወ/ሮ ሃረገወይን ማልቀስ ጀመሩ። ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ወደ ከፍተኛው ሄደው፣ “ሰውየው እኔ ነኝ፣ መጥቻለሁ፤ ልጁን ልቀቁት” አሉ። በዚያው ከሰዓት በኋላ ተፈታ። በእግር ወደ ቤት ሲመለሱ፣ “ለምን አልጻፋችሁልኝም?” ብለው ጠየቁ። “እንዳይጨነቁ ብለን ነው፣ ጋሼ” ተባሉ።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሲያስብ ኖሯል። እኚህ ሰው ለቤተሰባቸው መጡ ወይስ ለፉርጎው? ቢያውቁ ኖሮ ፈጥነው ይመጡ ነበር ወይስ አይመጡም? ልቡ አንድ ቀን አንዱን፣ በማግሥቱ ሌላውን ይለው ነበር።

አቶ ገብረትንሣኤ ባደረባቸው የጉበት ሕመም ከየካቲት ወር ጀምሮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሰኔ 3 ቀን 1982 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ሃረገወይንን፣ ልጆቻቸውን አስመረትን፣ አለምን እና ገብረሰንበትን ትተውልናል።

ከዚህ በታች ያለውን ቤተሰቡ አላየውም። ስለ ራሴም አቅራቢው እያልኩ መጻፍ አልችልም።

ባለፈው ወር አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ፣ “ጽፈንልዎ ቢሆን ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?” ብዬ ጠየቅኳቸው። “በማግሥቱ ጥዬው እመጣ ነበር” አሉኝ። “ጥዬው ብመጣ ደግሞ በመንግሥት ንብረት ልታሰር፣ አንተም ላትፈታ ነው። አንተ ይህን ሁሉ አስበህ፣ ስለ እኔ ብለህ ዝም አልክ። ይህን የእናቴ ልጅ አያደርግልኝም” ብለው እጄን ሳሙ። እኔም ዝም ብዬ ተሳምኩ።

እውነቱ ይህ አይደለም። እህቴ በየእሑዱ ስንቅ ይዛ ስትመጣ “ልጻፍለት” እያለች ታለቅስ ነበር። “አንዲት ቃል ብትጽፊ እህቴ አይደለሽም” አልኳት። እንዳይጨነቁ ብዬ አልነበረም። ሳይጠሩ የሚመጡ ሰው መሆን አለመሆናቸውን ለማየት ፈልጌ ነው። የሚመጡ አይመስለኝም ነበር። አለመምጣታቸውን አይቼ ልፈርድባቸው፣ እህቴም ማንን እንዳገባች እንድታውቅ ፈልጌ ነበር። እርሳቸው ያን ጊዜ በረዶ ውስጥ ሆነው ስለ እኔ ይጠይቁ ነበር።

ጋሼ ገብረትንሣኤ፣ እጄን የሳሙኝ ባልሠራሁት ሥራ ነው፤ በሕይወት ሳሉ ልነግርዎ አልደፈርኩም። እግዚአብሔር ድካምዎን ቆጥሮ በመልካም ቦታ ያሳርፍዎ። እኔን ይቅር ይበሉኝ።