በሰሜን በኩል ያለው ማሳ

ለምወድሽ ልጄ ለማርላ፣ ከነልጆችሽ እንዴት ከርመሻል? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

በረዶው ስንዴያችንን ድምጥማጡን አጠፋው። መንግሥት ለገበሬው የሚሰጠውን የጉዳት ካሳ ለማግኘት ልናመለክት ከአባትሽ ጋር ቢሮ ሄደን ነበር። እሱ በሰሜን በኩል ያለውን ማሳም አስመዘገበ። አንቺ በተዳርሽበት ዓመት የሸጥነውን ማለቴ ነው።

ጸሐፊዋ ጆሊን፣ "አንተ ሰውዬ፣ በጎረቤት ስንዴ ካሳ ልትበላ ነው?" ብላ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። እሱም እኛ ስንስቅ አይቶ ሳቀ።

አሁን መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ። እሱ በመስኮት ላሞች እያየ ያፏጫል፤ ፉጨቱ ዛሬም ደስ ይላል።

ለምስጋና በዓል ስትመጪ ገና ከበሩ ላይ፣ "አባዬ፣ ማርላ ነኝ" በይው። የበረንዳው አምፖል ተቃጥሏል። በቀን ብትገቢም በይው።

ሁለታችንም ጉንጭሽን ስመናል።

እናትሽ ኦፓል