ስልሳ ስምንት ድርሰት በሁለት ቀን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል
ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ደጃፍ

ለኔ ቀበጥ፣ ለልጅ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጥርሴ ቢያልቅም ምላሴ አልደከመም። እናትሽ በምታስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ጥፋተኛ ተማሪ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ ተጎልቻለሁ። በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ! "አባባ፣ ቤት ሁን" ብትለኝም ዱላዬን ይዤ ተከተልኳት። የምጽፈው ጉልበቴ ላይ ነውና ፊደሌ ቢንሻፈፍ እንዳትስቂብኝ።

እሷ ውስጥ ናት። በሩ ከተዘጋ ሩብ ሰዓት ሆነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር የእንግሊዝኛ መምህራን ስለዚህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚባለው ነገር ተሰብስበው ነበር። አንዱ ጎረምሳ መምህር፣ "እትዬ፣ ሰባ ልጅ ባለበት ክፍል ድርሰቱን ማን አርሞ ይዘልቀዋል? ማሽኑ ያርም፣ እኛ እናስተምር" አለ። እናትሽ ብድግ ብላ፣ "ልጅ ስህተቱን የሚያይለት ሰው ይፈልጋል! ማሽን ያረመው ወረቀት እኔ ክፍል አይገባም" አለች።

ከዚያ ስልሳ ስምንት ድርሰት በሁለት ቀን አርማ መለሰች፤ ከእያንዳንዱ ሥር የተለያየ አስተያየት። ትናንት ርዕሰ መምህሩ ጠራትና፣ "ይህ የሰው ሥራ አይደለም። ማሽንን እየተቃወሙ እርስዎ ከማሽን ይገለብጣሉ" አላት። ጎረምሳው ራሱ ተከራከረላት፤ "አንዷ ልጅ ድርሰት ሥር 'ይህን ሁሉ ኮማ ከየት ሰበሰብሽው? ግማሹን ለጎረቤትሽ መልሺ' ይላል እኮ! ማሽን እንዲህ አይቀልድም።"

"አሁን መቀለድም ተምሯል" አለ ርዕሰ መምህሩ። "ነገ እፊታችን ቁጭ ብለው ሦስት ወረቀት ያርሙ።"

ያቺን የኮማ ቀልድ ማን የጻፋት ይመስልሻል?

እኔ ነኝ። ስልሳ ስምንቱንም። ከእንግሊዝኛ መምህርነት ጡረታ ስወጣ ቀዩን እስክሪብቶ አላስረከብኩም። እጅ ጽሕፈት ያስተማርኳትም እኔው ስለሆንኩ የኔና የሷ አይለይም። እናትሽ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ሐኪሙ "ይገፈፋል፣ ተራ ጠብቂ" ብሏታል። እሷ ግን "ከታወቀ ክፍሌን ለሌላ ይሰጡብኛል፤ ለልጄም እንዳትናገር" ብላ አስማለችኝ። አልናገርም ብዬ ማልኩ፤ አልጽፍም አላልኩም።

በበሩ መስታወት አያታለሁ። ወረቀቱን አፍንጫዋ ድረስ አቀረበችው። ቀና አለች። መልሳ አቀረበችው። እስክሪብቶዋ ንቅንቅ አላለም። ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን አየ።

ከተናገርኩ ክፍሏን ታጣለች፤ ዝም ካልኩ ስሟን። ዓይኗ ሲድን ክፍል ይመለሳል፤ ስም ግን ሐኪም የለውም። ዓመት ታኩርፈኝ። ልገባ ነው።

ከእንግዲህ በስልክ አትጻፊላት፤ ድምፅሽን ላኪላት። እስከ ዛሬ የላክሽውን ሁሉ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ስለዚያ ጺማም ልጅ የጻፍሽውንም! እሱን ከነኮማው በኋላ እናርመዋለን።

ካለሽበት ክፉ አይይሽ፣ በደህና ያገናኘን።

አያትሽ፣
የእናትሽ ማሽን