ሲፈርስ ተመስገን የተባለለት ግንብ

እንዴት ነሽልኝ፣ እህት ዓለም? ባሕሩን ሳላይ ማዕበል የሚሠራበት ቤት ገባሁልሽ። ከኛ ማተሚያ ቤት አዳራሽ የሚረዝም ገንዳ አለ፤ ጫፉ ላይ የቆመ የብረት ሳንቃ ውሃውን ሲገፋው ማዕበል ይነሣል። እዚያ የምትሠራ አንዲት አጥኚ፣ አባቷ ጀልባቸውን ለሚያስጠጉበት ወደብ የታሰበውን ማዕበል መመከቻ የድንጋይ ግንብ በትንሹ አስመስላ ደርድራዋለች፤ የቱ ድንጋይ እንደሚንከባለል እንዲለይ በየረድፉ ቀለም ቀብታዋለች።

መጀመሪያ የቅርብ ነፋስ የሚያስነሣውን አጭርና ቁጡ ማዕበል ለቀቀችበት። ግንቡ ንቅንቅ አላለም። «አሁን ደግሞ ዝምተኛው ይምጣ» አለች፤ ሩቅ ባሕር ላይ የተነሣ ወጀብ የሚልከውን ረጅሙን ማዕበል ማለቷ ነው። እሱ እቴ፣ ሲያዩት ጨዋ ነው፤ ቀስ ብሎ መጥቶ ቀዩን ረድፍ ጠራርጎት ሄደ።

እኔ ላጽናናት ስል እሷ አባቷ ጋ ደወለች።

«አባዬ፣ ፈረሰ።»

«ተመስገን፤ እንኳንም ጀልባዬ ሳይጠለልበት ፈረሰ» አሉ ሽማግሌው። «በይ ከበድ ያለ ድንጋይ ምረጪልን። ምሳሽንም ብዪ።»

እኛ ጋ ቢሆን የቀረውን ቀለም ቀብተን እናስመርቀው ነበር።

ጽሑፌን ሳይታተም በእስክሪብቶሽ የምታፈርሺልኝ አንቺ ትዝ አልሽኝና ልቤ ሞላ። የፖስታ ካርዱ ሞላብኝ፤ ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጆቹን ሳሚልኝ። አንባቢ ፊት ከመፍረስ ስንቴ እንዳዳንሽኝ ግን እኔ ነኝ የማውቀው፤ እግዜር ይስጥልኝ።