ጋሽ ኃይለየሱስ ያረሙት ደብዳቤ

ለምወድሽ እናቴ ለወይዘሮ ሳፊያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል እምዬ? ብርድ ሲመጣ የሚቆረጥምሽ ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እህቴ ሑስናስ ደህና ናት? የወንድሜ የመሐመድዘይን ባጃጅስ ተሠራች? የባቱ ንፋስ ዛሬም ሽንኩርትሽን አቧራ ያለብሰዋል ወይስ አረፍ አለ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው የጎዳኝ። ይህን ደብዳቤ ለእትዬ ዘርፉ እንዳታስነብቢያት። ድሮ የምታነብልሽ እሷ ነበረች፤ ይሄን ግን ራስሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ፊደሉን ያጎላሁት ለዚሁ ነው።

እምዬ፣ ያጠፋሁት ጥፋት አለ። መምህርት ማርቲ «ማንበብና መጻፍ ስላስተማራችሁ ሰው ጻፉ» ብላ የቤት ሥራ ሰጠችን። እኔ እንደሆንኩ መጻፍ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ስልኬ ውስጥ ያዘዙትን ሁሉ የሚጽፍ ነገር አለ፤ አዘዋለሁ፣ ይጽፋል፣ አስገባለሁ። ማንበቡንም ትቼዋለሁ፤ እሱ አሳጥሮ ይነግረኛል። መጽሐፍ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ሥራ የፈታ ይመስለኝ ነበር። ስለ እናቴ የሚያስለቅስ ነገር ጻፍልኝ አልኩት፤ ጻፈ፤ ሳላነበው አስገባሁ። በሳምንቱ መምህርቷ ለብቻዬ ጠርታ እጄን ያዘችና እግዚአብሔር ያጽናሽ አለችኝ። ስልኩ ለካ ገድሎሻል እምዬ! ፊደል ያስቆጠረችኝ እናቴ ሞታ ሐይቁ ዳር ተቀበረች ብሎ ጽፏል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እናቴ በሕይወት አለች ማለት ሲገባኝ አሜን አልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልክሽ ዝግ ሆነ። የሑስናም የመሐመድዘይንም ዝግ ነው። በገዛ አፌ ያሟረትኩብሽ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የባቱ ሚኒባስ ሾፌሩ ዓብዱ መናኸሪያ አስጠርቶኝ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ማን ላከው ብለው፣ አትጠይቂኝ፣ አደራ አለብኝ ብሎ ፊቱን አዞረ።

ከፈትኩት። ጽሑፉ የኔ ነው። የኔ እምዬ! ወደ ግራ የሚያዘነብለው፣ መስመር የማይጠብቀው የልጅነት ጽሑፌ። እኔ ግን አልጻፍኩትም። «ስሜ ኑሰይባ ነው። እናቴ ሽንኩርት ትሸጣለች። እናቴ ማንበብ አትችልም። ሳድግ አስተምራታለሁ» ይላል። ቀኑ መጋቢት 12 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው፤ ወረቀቱ ግን አዲስ ነው። ከግርጌው በቀይ እስክሪብቶ «ጎበዝ፣ በዚሁ ቀጥዪ» ተብሎ ተፈርሞበታል። ፊርማው የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዬ የጋሽ ኃይለየሱስ ነው። ካቻምና ለቅሷቸው ላይ አብረን የተቀመጥነው ጋሽ ኃይለየሱስ! ፀሐይዋ አናቴን እየበሳችው ብርድ ብርድ አለኝ። አዑዙ ቢላሂ! ሙታኑ የጻፉልኝ፣ አንቺም ከእነሱ ጋር የሆንሽ መሰለኝ። የዶርም ጓደኛዬ ደራርቱ ስታየኝ ደንግጣ ማል ታቴ፣ ምን ሆንሽ ብትለኝ ወረቀቱን ዘረጋሁላት።

አመሻሽ ላይ የሑስና ስልክ ጠራ። መብራት ጠፍቶባችሁ ስልካችሁን የምትሞሉበት አጥታችሁ ኖሯል። እማዬስ ብዬ ጮህኩ። ምን ትሆናለች፣ ጉሊቷ ላይ የድሮ ደብተርሽን እየገለበጠች ነው ብላ ሳቀች። ስድስት ወር ሙሉ ሑስና የፊደሉን ድምፅ ስትነግርሽ፣ አንቺ በእርሳስ ስትገለብጪ፣ ለኑሰይባ እንዳትነግሪ ስትያት! በኔ ጽሑፍ ስለተማርሽ እጅሽ የኔ እጅ ሆነ። ልታስደንቂኝ ብለሽ ገጹን እንዳለ አወረድሽው፤ ቀኑን፣ የጋሽን ቀይ እርማት፣ ፊርማቸውን። ዳር ላይ የፈሰሰውን የቀለም ጠብታ እንኳ ፊደል መስሎሽ ክብ አድርገሽ አጥቁረሽዋል። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ማክሰኞ ወረቀትሽን ይዤ መምህርት ማርቲ ዘንድ ሄድኩ። እናቴ አልሞተችም አልኳት፤ የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ዜሮዬን ሰጠችኝና እዚሁ ፊቴ ተቀምጠሽ በእጅሽ ጻፊ አለችኝ። በአንድ ሰዓት ሁለት መስመር ጻፍኩ። የሚቀጥለውን ቃል ሌላ ሰው እስኪነግረኝ ስጠብቅ ራሴን አገኘሁት። ጽሑፌን ካንቺው ጎን አስቀምጬ አየሁ፤ የኔ የሚመስለው ያንቺ ነው። እኔ የጻፍኩትን ግን ማን እንደጻፈው አላውቀውም። እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል።

እምዬ፣ ስለዚያ አሜን አፉ በይኝ። አስተምራታለሁ ብዬ ሳላስተምርሽ ቀረሁ፤ አሁን አንቺ አስተምሪኝ። በየሳምንቱ በዓብዱ አንድ ገጽ ላኪልኝ፣ እየገለበጥኩ እጄን እመልሳለሁ። ከደብተሩ ሳይሆን ከራስሽ ይሁን፤ ጉሊት ማን መጣ፣ ማን ከማን ተጣላ።

ምስጢር ጠባቂዋን ሑስናን ጉንጯን ሳሚልኝ። መሐመድዘይንን ቀስ ብለህ ንዳ በይልኝ። እትዬ ዘርፉን ሰላም በያት፤ ሥራዋን ስለወሰድሽባት እንዳትቀየምሽ። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው።

ከስሜ አጠገብ ያለው ጠብታ እንባዬ ነው፤ እሱን እንዳትገለብጪው።

ልጅሽ ኑሰይባ
አዳማ፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.