አመድ የለበሰ ፍም

ሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 1988

እትዬ በላይነሽ ዛሬም መስኮቱን ደፈኑት። ትናንት በጨርቅ ነበር። ዛሬ ጨርቁ ላይ ሊጥ ለጠፉበት። «የአራስ ቤት ወንፊት አይደለም» አሉ። ጎረቤታችን ናቸው። ሰባት ልጅ ስለወለዱ የሰፈሩ የወሊድ ሚኒስትር ሆነዋል፤ ማን እንደሾማቸው አይታወቅም።

አራሷ እህቴ ሙሉ ናት። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ አሰብ ወርዷል። የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነ እኛ ጋ መጥታ ጓዳ ተኛች። ጓዳችን አንድ መስኮት አለው። ማለቴ ነበረው። ሰፈሩ ነፋስ ስልክ፣ ጓዳው ነፋስ ክልክል።

ክረምቱ ዘንድሮ ቸኩሏል። ማታ ማታ እማዬ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥላ፣ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ታስገባዋለች። እስኪነጋ እንዲቆይም አመድ ታለብሰዋለች። ይህም የሚኒስትሯ መመሪያ ነው።

ሙሉ ራሷን አሟታል። «ብርድ ነው» ተባለ። ከሰል ተጨመረ።

የኔ ዜና፦ ኬሚስትሪ ኩዊዝ፣ ከአስር ሦስት። የከሰልን መቃጠል ጻፉ ስንባል C + O₂ → CO ብዬ ነበር። ቲቸር በቀይ እስክሪብቶ «አንዱ ኦክስጅን የት ገባ?» ብሎ ጽፎበታል። እኔ ምን አውቄ፣ ዘበኛው ነኝ እንዴ? ዘበኛው አባዬ ነው፤ እሱም የሚጠብቀው ፋብሪካ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4

ሙሉን አስመለሳት። ጠዋት ብርድ የነበረው ቀን ላይ ምች ሆነ፣ ከሰዓት የሰው ዓይን። በሽታው በቀን ሦስቴ ስሙን ይቀይራል፤ መድኃኒቱ ግን ያው ከሰል ነው።

ሕፃኑ ግን ተመሰገነ። አያለቅስም። ለጡት ሲቀሰቅሱት እንኳ ይተኛል። «ጨዋ ልጅ!» ይላሉ እትዬ በላይነሽ።

አንድ ነገር አየሁ። ሙሉን ደግፌ ሽንት ቤት ስወስዳት ደጅ ትንሽ እንቆማለን። «እሰይ፣ ቀለለኝ» ትላለች። ስትመለስ ራሷ እንደገና ይነሳባታል። ለእትዬ ብነግራቸው «የያዛት ነገር ፀሐይ አይወድም ማለት ነው» አሉኝ። የምን ፀሐይ? ሰኔ እኮ ነው።

ሰኞ የኬሚስትሪ ፈተና አለብኝ። ሪአክሽኖቹ እንዳይጠፉኝ በቤታችን ሰው አጠናኋቸው፦

ኮምቢኔሽን፦ ሁለት ገብቶ አንድ ይወጣል። እማዬና እትዬ በላይነሽ ሲመካከሩ አንድ ሐሳብ ብቻ ይወጣል። የእትዬ።

ዲኮምፖዚሽን፦ አንዱ ይፈራርሳል። ውጤት ስቀበል እኔ።

ሲንግል ዲስፕሌስመንት፦ አንዱ መጥቶ ሌላውን ከቦታው ያፈናቅላል። ሕፃኑ መጣ፣ እኔ ከአልጋ ወደ ፍራሽ ወረድኩ።

ደብል ዲስፕሌስመንት፦ ጥንዶች ይቀያየራሉ። ምሳሌ አላገኘሁም። ሰፈራችን የተከበረ ነው።

ረቡዕ፣ ሰኔ 5

ቲቸር ኩዊዙን ሰሌዳ ላይ ሠራው። ከሰል አየር ሲበቃው C + O₂ → CO₂። አየር ሲያንሰው 2C + O₂ → 2CO። «ሰብለ የጻፈችው ይኼኛውን ነው፤ ያውም ባላንስ ሳታደርግ» አለ። ክፍሉ ሳቀ።

እጄን አወጣሁ። «CO ምን ምን ይሸታል?»

«አይሸትም። አይታይም። ፍሙ ቀልቶ፣ ጭስ የሚባል ሳይኖር ይወጣል። ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ቀጥሎ ያስመልሳል፣ ቀጥሎ እንቅልፍ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ ያለውን ተመልሶ የነገረን የለም።»

እንደ ቀልድ ነው ያለው። እኔ ግን እስከ ቤት በዚያ ጭቃ ሮጥኩ።

ነገርኳቸው። እማዬ ሥራዋን ትታ ሰማችኝ። ልታምነኝ ነበር መሰለኝ። እትዬ በላይነሽ ግን ወደሷ ዞረው «ለመሆኑ ባለፈው ስንት አመጣች?» አሉ።

«ሦስት» አለች እማዬ።

«ከስንት?»

«ከአስር።»

«በይ ልጄ፣ ሰባቱን ስታውቂ ትነግሪናለሽ።»

እማዬ ሳቀች። ጥሩ ቀልድ ነበረች፤ ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 6

ጠዋት ሊጡን በማንኪያ ፈቅፍቄ ጨርቁን ሳወጣ እማዬ ደረሰችብኝ። በጥፊ አለችኝ። «እህትሽን ልትገድያት ነው?»

በኬሚስትሪ እምቢ ካሉ በራሳቸው ቋንቋ ልሞክር አልኩ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንዲት መነኩሴ አገኘሁ ብዬ አወራሁ። ቆቧን፣ መቋሚያዋን፣ ሳሏን ሳይቀር ሠራሁላቸው። «ቤታችሁ የገባው ነገር ፍም አይወድም፤ ይቆጣል፤ ፍሙን አውጡለት» አለችኝ አልኩ።

እትዬ በላይነሽ አማተቡ። አመኑኝ! በልቤ ለራሴ አስር ከአስር ሰጠሁ።

ከዚያ ዓይናቸው በራ። «ፍም አይወድም? እንግዲያውስ በፍም ነዋ የሚባረረው!» ብለው ከቤታቸው ሁለተኛ ማንደጃ ይዘው መጡ።

ዋሽቼ ነው አልኩ። ማልኩ። «አየሽ፣ አሁን ደግሞ እሷን አስፈራራት» ተባባሉ።

ፍራሼን ጓዳው በር ሥር አንጥፌያለሁ። በሩ እንዳይዘጋ አንድ ጫማዬን ወሽቄበታለሁ። አልተኛም።

ዓርብ፣ ሰኔ 7

ተኝቻለሁ።

ስነቃ ነግቷል፣ በሩ ተዘግቷል። ጫማዬ ራስጌዬ ተቀምጧል፣ ከወንድሙ ጋር ተስተካክሎ። እማዬ ናት፤ ጫማ የትም ሲጣል አትወድም።

ሙሉ ጉንጯ ቀልቶ ያማረባት ትመስላለች። ጠራኋት። ነቀነቅኳት። ሕፃኑን አንስቼ ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ። እማዬ «ብርድ! ኧረ ብርድ!» እያለች ተከተለችኝ። እግሩን ቆነጠጥኩት። ዝም። ደግሜ ቆነጠጥኩት፣ በጣም ነው የቆነጠጥኩት። ቀጭን ድምፅ አወጣ። ያኔ እማዬም ጩኸቷን አቀለጠችው።

አባዬ ከአዳር ሥራው ሲገባ ነው የደረሰው። ከጎረቤቶች ጋር ሙሉን በጋቢ ተሸክመው ላዳ ውስጥ አስገቧት። ሐኪም ቤት ነርሷ ገና ስታያት «ከሰል ነበር?» አለች። ሌላ አልጠየቀችም።

ጓዳችን ያጣው ኦክስጅን እዚያ በብረት ሲሊንደር ቆሟል። አንዱን ቱቦ ለሙሉ፣ አንዱን ለሕፃኑ አደረጉላቸው። ሲሊንደሩን ሳየው ዋልኩ። ቀልድ ፈለግኩለት፣ አልመጣልኝም።

ሁለተኛውን ማንደጃ ያስገባው የኔ አፍ ነው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 8

ሙሉ ዓይኗን ገልጣለች። እኔን «እማዬ» ብላ ትጠራኛለች። ብርጭቆ ሲሰጧት ከእጇ ይወድቃል። ሐኪሙ «ጊዜ ይፈልጋል» አለ። ስንት ጊዜ፣ አላለም። ከሰዓት ቀሚሷን ዳበሰች፣ በወተት ርሷል። «ልጁ ጠባ?» አለች። እማዬ ግድግዳውን ይዛ አለቀሰች።

ሕፃኑን አሰናበቱት፤ ወደ ማታ ከአባዬ ጋር ይዤው መጣሁ። እትዬ በላይነሽ ጓዳ ውስጥ ናቸው። የደረቀውን ሊጥ በጥፍራቸው ይፈቀፍቃሉ።

«እኔ ነኝ የጨመርኩት» አሉ፣ ሳይዞሩ።

«መነኩሴዋን የፈጠርኳት እኔ ነኝ» አልኩ።

ዞረው አዩኝ። ጥፊ ጠበቅኩ፤ ቢመጣ ደስ ይለኝ ነበር።

«ፈተናሽ መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

«አንብቢ እንግዲህ» አሉ። ወደ ሊጡ ዞሩ። «ሰባቱን።»

መስኮቱ ተከፍቷል። በርዶናል፣ ጋቢ ደርበን ተቀምጠናል። ሕፃኑ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል፤ ማንም ዝም በል አላለውም። ነገ ሐኪም ቤት ስሄድ ሙሉ ሰብለ ብላ ትጠራኝ ይሆን?