አንቱ ተባልኩ

ይድረስ መጻፍ ለሰነፈችው ልጄ። እንዴት ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ አባትሽማ በጣም ደህና ነው።

ያ የባልና ሚስት የቴሌቪዥን ውድድር ተመልሶ ሊጀምር ነው። ድሮ ሲጀመር ሚስት መልሷን ሰሌዳ ላይ ትጽፍ ነበር፤ ባል ያንኑ መገመት አለበት። ተራችን ሲደርስ ፊደል እንደማላውቅ ታወቀና አዳራሹ ሳቀብኝ። አባትሽ አቅራቢውን፣ "በጆሮህ ትንገርህ፤ እጇ እንጂ አፏ አልሰነፈም" አለው። አሸነፍን። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሚስቶች በጆሮ መናገር ጀመሩ። ውድድሩ የተቋረጠው አቅራቢው ሚስቱን ሲፈታ ነው፤ ይበለው።

አሁን የድሮ አሸናፊዎችን ጠርተዋል፤ በመጪው ወር እንቀርባለን። ትናንት ከምሳ በኋላ ሳሎን ውስጥ ስንለማመድ መልሴን በጠመኔ መጻፍ ጀመርኩ። አባትሽ እጄን ያዘኝ።

"ለእኔ ይስጡኝ፣ እትዬ። ሚስቴ ፊደል አታውቅም፤ የምጽፍላት እኔ ነኝ።"

"ታዲያ እኔን ማን አስተማረኝ?" አልኩት።

"እንጃ፤ ጎበዝ አስተማሪ ነው" አለኝ።

ከድሮው ውድድር በኋላ እዚያው የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ክረምት እየተቆጣ ፊደል ያስተማረኝ እሱ ነው። ቀልዱን መቼም ታውቂዋለሽ። በአርባ ዓመት ትዳር አንድ ቀን አክብሮኝ የማያውቅ ሰው አንቱ አለኝ፤ እኔም ሳቅሁለት። ጠመኔውንም ሰጠሁት።

ለውድድሩ ብለሽ ሳይሆን እንዲሁ ነይ፣ በዚህ ሳምንት። ስትገቢ ገና ከበሩ ስምሽንና የማን ልጅ እንደሆንሽ ጮክ ብለሽ ንገሪው፤ መነጽሩ አርጅቷል።

ደህና ሰንብቺ አልልሽም፤ ተነሺ ነው የምልሽ።

እናትሽ