ወደፊት ያልካት ልጅ

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 1979 ዓ.ም.

ለቀድሞ ወዳጄ፣

ሰላምታዬ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ድረስ ይግባልህ። እንደምን ከርመሃል? የሐረር ብርድ ለድሬ ልጅ ደረት አይስማማም፤ ያ ሳልህ እንዴት ሆነ? ባለፈው ትምህርት ቤታችንን ልትጎበኝ የመጣህ ለት ንግግርህን ሲያቋርጥህ ሰምቼ፣ ተናድጄብህም ሆዴ አልቻለልኝም። እናትህን፣ እትዬ ማዘንጊያን፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አገኘኋቸው። ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። «ልጄን ካገኘሽው፣ መኪናህ በደጄ ሲያልፍ የሚደርሰኝ አቧራው ብቻ ነው በይልኝ» ብለውኛል። አደራቸውን ይኸው አድርሻለሁ። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ሙቀቱ እንደምታውቀው ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጠመኔው ራሱ እጄ ላይ የሚያልበው ይመስለኛል።

መጀመሪያ ይህን ደብዳቤ «ጓድ» ብዬ ጀምሬው ነበር። ቀደድኩት። ለጓድ የሚጻፍ ነገር በአስተዳደር በኩል፣ ማኅተም አርፎበት ይሄዳል። ይህ የተጻፈው ለሌላ ሰው ነው፤ በባቡር ሠራተኞች ሰፈር ከኒሟ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ «ከዚያስ?» እያለ ትልቁንም ትንሹንም መድረሻ ያሳጣ ለነበረው ልጅ።

የደቻቱ ወንዝ ሞላ ሲሉህ «ከዚያስ?» ትላለህ። ጎርፉ አለፈ፣ ውሃውን አሸዋው ጠጣው ሲሉህ «ከዚያስ?» ትላለህ። የሂሳብ አስተማሪያችን አንድ ቀን ጠመኔውን ወርውሮብህ «ከዚያማ ትባረራለህ!» ሲልህ፣ በሩ ላይ ደርሰህ ዞር አልክና «ከተባረርኩስ በኋላ?» አልከው። እሱ ራሱ ሳቀና መልሶ አስቀመጠህ። እኔ ያን ቀን ነው ያደነቅሁህ። ኋላ ኪየቭ ሄጄ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ ስማር፣ ትልቁ ትምህርት ያቺው ያንተ ጥያቄ ሆና አገኘኋት። ፕሮግራም ማለት ለማሽን የሚሰጥ ትእዛዝ ነው። ትእዛዙን ከመስጠትህ በፊት በየመስመሩ «ከዚያስ?» ብለህ እስከ መጨረሻው ካልጠየቅህ ማሽኑ ጉድ ይሠራሃል።

ለትምህርት የሄድኩ ለት ጣቢያው ላይ ቆመህ ነበር። እኔ አንገቴን በባቡሩ መስኮት አውጥቼ የምትለኝን ስጠብቅ፣ ጡጫህን ወደ ላይ አነሳህና «ወደፊት!» አልከኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ባቡሩም ሄደ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። አንተ ዘንድ የደረሰው ሪፖርት ከመሀል የሚጀምር ስለሆነ እኔ ከሥሩ ልንገርህ።

እንደምታውቀው ትምህርት ቤታችን ኮምፒዩተር የለውም። ስለዚህ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የስድስተኛ ክፍል ልጆችን ግቢው ውስጥ ሰብስቤ አንዷን ማሽን አደርጋታለሁ፤ ሌሎቹ ያዝዟታል። ሕጉ አጭር ነው። ማሽን የታዘዘችውን ብቻ ትሠራለች። ያልተነገራትን አትገምትም። ያስጀመራት ሰው ራሱ ካላስቆማት አትቆምም። ቋንቋዋን ልጆቹ ራሳቸው ሠሩላት፤ ለመጥራት የሶማሊኛውን «ካላይ»፣ ለመመለስ የኦሮምኛውን «ደቢኢ»፣ ለመሄድና ለመቆም የአማርኛውን «ወደፊት» እና «ቁሚ» መረጡ። እያንዳንዱ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ እንዲኖረው ተጨቃጭቀው ተስማሙ። እዚህ ከተማ ተወልጄ ሳድግ ሦስቱ ቋንቋዎች ገበያ ላይ ሲደባለቁ እንጂ እንዲህ ተማክረው ሥራ ሲከፋፈሉ አይቼ አላውቅም ነበር።

ዛምዛምን አይተሃታል፤ ያቺ ቀጭኗ፣ ነጭ ሻሽ ያሰረችው። እናቷ ፋዱሞ ቀፊራ ገበያ ሎሚ ትሸጣለች፤ አባቷ ሂርሲ ከባቡር ጭነት ያወርዳል። እንደሷ ያለ ማሽን ኪየቭም አላየሁም። የመጀመሪያው ቀን ጓደኛዋ ሃዎ «ውሃ ቅጂልኝ» አለቻት። ዛምዛም ቧንቧውን ከፍታ ትቀዳለች። ብርጭቆው ሞላ፣ ፈሰሰ፣ ጫማዋን አራሰ፤ እሷ ትቀዳለች። ዘበኛው ከበሩ ሆኖ «እናንተ የሰይጣን ጭፍሮች፣ ውሃውን ጨረሳችሁት!» እያለ ይጮሃል። ሃዎ «ቁሚ» ማለቱ ጠፍቷት «አንቺ ደንቆሮ፣ አይበቃም?» ስትላት፣ ዛምዛም «እስከ የት አላልሽኝም» አለቻት። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ሃዎ አልሳቀችም። ቁጭ ብላ አሰበች፤ በማግስቱ «እስከ አፉ» የሚለውን ጨምራ መጣች።

ይህን ልብ በልልኝ። ሃዎ ስድቧን እንደጨረሰች የራሷን ትእዛዝ ነው የመረመረችው። እኛ ትልልቆቹ አንድ ነገር ሲበላሽ አፋችንን የምንፈታው «ማነው?» በሚለው ነው። ፋብሪካው ሲቆም አሻጥረኛ፣ እህሉ ሲጠፋ አሻጥረኛ። እነዚህ ልጆች ግን «የቱ ጋ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ትምህርት ለልጆች ይሰጥ ብዬ የምሟገተው ለዚህ ነው። ስህተትን ሳይፈራ ፈልጎ ማግኘትና ማቃናት የለመደ ልጅ፣ ሲያድግ ሰው አያሳድድም።

ከዚያ አንተ የፓርቲውን ሰዎች አስከትለህ መጣህ። ልጆቹ ሲያሳዩህ ያ የጥንቱ ፈገግታህ ፊትህ ላይ ብቅ ሲል አየሁት። ልብህ አልቻለምና ተነሳህ። «እስቲ እኔም ልዘዛት» አልክ። ጡጫህን አነሳህ። «ወደፊት!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ዛምዛም ሄደች፤ በወንበሮቹ መሀል አልፋ፣ በሰንደቅ ዓላማው ሥር አልፋ፣ ወደ በሩ። ሃዎ አጠገብህ መጥታ «ጓድ፣ ቁሚ ይበሏት፤ እርስዎ ካላሏት አትቆምም» አለችህ። አብረውህ የመጡት ሰዎች እስክሪብቶአቸውን እንደያዙ ነበሩ። ቃሉ ከንፈርህ ላይ ደርሶ አየሁት። ያስቸገረህም ገባኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ወደፊት» ብሎ አዝዞ «ቁሚ» ማለት በሪፖርት ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል? ሳቅ አልክና ወደሚቀጥለው ክፍል አለፍክ። ልጅቷ ከበሩ ወጣች።

ከዚህ በኋላ ያለውን አላየህም።

ሮጬ ልይዛት እችል ነበር። ከልጆቹ ጋር ተከተልኳት እንጂ አልያዝኳትም። እዚያ ግቢ ውስጥ ትልቅ ሰው ሳያጣምመው የቀረ ሕግ ያ አንዱ ነበር፤ እኔ ላፍርሰው? ዛምዛም አስፋልቱን ተሻግራ ደቻቱ ወረደች፣ አሸዋውን ሰንጥቃ ወዲያ ማዶ ወጣች። አንድ ጋሪ ነጂ ፈረሱን ገትቶ «ዛሬ ሰልፍ አለ እንዴ? ቀበሌ ምንም አልነገረንም!» አለን። መልስ ሳይጠብቅ ጋሪውን ዳር አስይዞ ተከተለ፤ ቀረህ እንዳይባል። እሱን ያዩ ሌሎችም ተከተሉ። ቀፊራ ስንደርስ እውነትም ሰልፍ ሆነናል።

የገበያው ግንብ ጋ ስትደርስ ግንባሯ ነካ። አላቆመችም፤ ባለችበት ትረግጣለች። ሻጮቹ ከበቧት። አንዷ «ጂን ይዟታል» ብላ ውሃ ረጨችባት፤ አንድ ሽማግሌ ቁርአን መቅራት ጀመሩ። ፋዱሞ ከሎሚዋ ተነስታ እየሮጠች መጣችና «ቁሚ!» አለቻት። ዛምዛም እግሯን ሳታቋርጥ «ሆዮ፣ ያዘዝሽኝ አንቺ አይደለሽም» አለች። እናት ወደ እኔ ዞራ «አንቺ ቲቸር፣ ልጄን ምን አስነካሻት?» አለችኝ።

ሃዎ ነች የደረሰችልኝ። ሰዉን ገፍታ ገባችና «አንቺ፣ ምን ነበር የተባልሽው?» አለቻት።

«ወደፊት።»

«ፊትሽ ወዴት ነው?»

ዛምዛም አፍንጫዋ ግንቡን እንደነካ «ወደ ግንቡ» አለች። ሃዎ ሁለት ትከሻዋን ይዛ ዞር አደረገቻትና «አሁንስ?» አለቻት። ዛምዛም ከሻሿ ውሃ እየተንጠባጠበ ፈገግ አለች። ወደ ፊቷ ሄደች። በመጣችበት መንገድ፣ ትእዛዙ ሳይፈርስ፣ ግማሽ ቀፊራን አስከትላ ተመለሰች። እንደነዚያ ሁለት ሕፃናት የኮራሁበት ሰው በሕይወቴ የለም። አንዷ ቃሏን ጠበቀች፤ ሌላዋ የቃሉን ሆድ ዕቃ ፈትሻ መውጫ አገኘችለት።

ግቢው ስንገባ መኪናህ ሄዷል። ዛምዛም አንተ ቆመህበት የነበረው ቦታ ደርሳ ሰው አጣች። እዚያው ትንሽ ረገጠችና ወደ እኔ ዞረች። «ቲቸር፣ ያዘዘኝ ሰውዬ የለም። አሁን ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ኪየቭ ይህን አላስተማሩኝም። እናቷ እጇን ይዛ ወሰደቻት።

ሪፖርቱ ግን «የትግል ቃላችንን መሳለቂያ ማድረግ» ይላል። ያለ ፈቃድ ሰልፍ ማካሄድም ታክሎበታል። ግለ ሂስ አድርጊና ፈርሚ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ስህተቱ ያለው ትእዛዙ ላይ ነው፣ ትእዛዙን ደግሞ እኔ አልሰጠሁም አልኳቸው። ስለዚህ ትምህርቱ ታገደ፤ እኔም ከመስከረም ጀምሮ ጀልዴሳ ገጠር ተመድቤያለሁ። ለዚህ አልለምንህም። ጀልዴሳም ልጆች አሉ፤ ማሽን ለመሆን ሁለት እግርና አሸዋማ ሜዳ ይበቃል።

የምጽፍልህ ስለ ዛምዛም ነው። እሷንም አግደዋታል። የሚኒስትሪ ፈተና ደግሞ ደጅ ላይ ነው፤ ካልተቀመጠች ወደ ትምህርት አትመለስም፣ ከእናቷ ጎን ሎሚ ስትደረድር ነው የምትቀረው። አባቷን ይቅርታ ጠይቀህ ፈርም ሲሉት፣ ልጅቷ «ምን አጠፋች ብለህ ትፈርማለህ?» ብላ እጁን ያዘችው። ሂርሲ ሳይፈርም ወጣና በር ላይ አገኘኝ። «አንቺ ቲቸር፣ ወላሂ ይህች ልጅ እንድትታዘዝ አላህን ስለምን ኖርኩ። አሁን አንዴ ታዘዘች፣ አባረሯት። እምቢ ብትል ሊሸልሟት ነበር?» አለኝ። አስተዳደሩ ደግሞ የመጨረሻው ቃል ያንተ ነው ብሎኛል።

ያን ቀን «ኮምፒዩተር በሌለበት አገር ይህ ለልጆች ምን ይሠራል?» ብለህ ጠይቀኸኝ፣ ሰው ስለጠራህ መልሴን ሳትሰማ ቀረህ። መልሴ ይኸው። ባቡሩ ወደዚህ ሲመጣ አያቶቻችን ቋንቋውን አያውቁም ነበር። ስለዚህ ትእዛዙ በፈረንሳይኛ ሆነ፤ ሐዲዱ በእነሱ ትከሻ ላይ ሆነ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጠገነውን ሞተር መጽሐፍ ማንበብ ሳይችል ጡረታ ወጣ። ይህም ማሽን ይመጣል፤ አትጠራጠር። ሲመጣ ዛምዛምና ሃዎ ቋንቋውን አውቀው ይጠብቁት እንጂ ተሸካሚው አይሁኑ። ማዘዝ ጩኸት እንዳልሆነ እነሱ ከወዲሁ ገብቷቸዋል። ያዘዘ ሰው ትእዛዙ የሚደርስበትን እስከ መጨረሻው ያስባል፤ ከቦታውም አይሄድም።

ትናንት ቀፊራ ሄጄ ነበር። ዛምዛም ከሎሚው ክምር ኋላ ተቀምጣለች። ከቀሚሷ ሥር እግሯ ቀስ እያለ ይረግጣል። ምን ሆነሻል ብላት «ገና አልቆምኩም እኮ፣ ቲቸር» አለችኝና ሳቀች። ግማሹ ቀልድ ነው። ግማሹ ግን አይደለም።

ስለዚህ ና። ፊርማህን በፖስታ አትላክ፣ ራስህ ና። ግቢው መሀል ቁምና ያስጀመርከውን አስቁም። አንዲት ቃል ናት፤ ከዚያ ገብታ ትፈተናለች።

ሃዎ ያደረገችውን ባሰብኩ ቁጥር እስቃለሁ። እኔም ኪየቭ ትምህርቴን ስጨርስ እዚሁ ቅሪ፣ ሥራም አለሽ ያለኝ አልጠፋም ነበር። «ወደፊት» ብለኸኝ ነበርና መሄዴን አልተውኩም፤ ፊቴን ብቻ ወደ ድሬ አዞርኩ። ለምን ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም። አንተ፣ «ከዚያስ?» ባዩ።

ሳልህን ታከም። እናትህን ሳታይ አትለፍ። እግዚአብሔር ደረትህን ያሙቅልህ፣ የደንገጎን ቁልቁለት በሰላም ያውርድህ። ስትመጣ ደግሞ ቃሉን ጮክ ብለህ ተናገረው፤ ግቢው ሰፊ ነው፣ ከዛምዛም ራቅ ብላ የቆመችም ትስማው።

ከባቡር ጣቢያ የሸኘሃት
የቀድሞ ወዳጅህ